መጀመሪያ ሰነዱ ወይስ ቀመሩ? የአሜሪካ ታሪክ ድርሰት ለሚያስተምሩና ልጅ ለሚያስጠኑ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ11ኛ ክፍል የአሜሪካን ታሪክ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ቤታቸው አማርኛ የሚነገርባቸው ልጆችም አሉ። እዚህ መምህራንም ወላጆችም ስላላችሁ ሲከነክነኝ የከረመ ነገር ላንሳ። ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ድርሰት የምናስተምረው ከጅራቱ ጀምረን ነው ባይ ነኝ። ትምህርት ገና ሲከፈት ቀመሩን እንሰጣቸዋለን። መጀመሪያ ዐውድ፣ ቀጥሎ ቲሲስ፣ ማለትም ድርሰቱ የሚከራከርለት ዋና ሐሳብ፣ ከዚያ ሰነድ 1 እንዲህ ይላል፣ ሰነድ 2 እንዲህ ይላል። ልጁ ቀመሩን ሽምድድ ያደርገዋል። ሰነዱን ግን አላነበበውም። ከመሃሉ አንድ መስመር መዝዞ ክፍት ቦታ ላይ ይሰካዋል። ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ሲጽፍ ምን ያስፈራው ነበር ብላችሁ ብትጠይቁት ዓይን ዓይናችሁን ያያል።

ዘንድሮ ሌላ ነገር ሞከርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድርሰት የሚባል ነገር አላነሳሁም። ማርች 5 ቀን 1770 ቦስተን ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰው ስለገደሉበት ምሽት ሁለት ነገር ብቻ ሰጠኋቸው። አንዱ ፖል ሪቪር የተባለ የቦስተን ብር አንጥረኛ ያሳተመው ሥዕል ነው። ሌላው የወታደሮቹ አዛዥ ካፒቴን ቶማስ ፕሬስተን የጻፈው ቃል ነው። ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አበራሁና ለአሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት አልኳቸው።

መጀመሪያ ያዩት ውሻውን ነው። ከፊት ለፊት አንድ ትንሽ ውሻ ቆሟል። ቀጥሎ ወታደሮቹ እንደ ክር ተሰልፈው እኩል ሲተኩሱ አዩ። አዛዡ ከኋላቸው ሆኖ ሰይፉን አንስቷል። በላያቸው ያለው ሕንፃ ላይ የአራጆች አዳራሽ የሚል ጽሑፍ አለ። አንዲት ልጅ ሕንፃው የእውነት ሥጋ ቤት ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። አልነበረም፤ ጉምሩክ ቤት ነበር። ያኔ ክፍሉ ነቃ። ሌላው ተነስቶ ያን ምሽት መሬቱ ላይ በረዶ ነበር ተብሎ የለም ወይ፣ እዚህ የታለ አለ። ከሟቾቹ አንዱ ክሪስፐስ አተክስ የአፍሪካና የቀደምት አሜሪካውያን ዘር ያለው ሰው መሆኑን ስነግራቸው ሥዕሉ ውስጥ ፈልገው ሊለዩት አልቻሉም።

ከዚያ የፕሬስተንን ቃል አነበብን። እሱ ደግሞ የቆመው ከጠመንጃዎቹ አፈሙዝ ፊት እንደነበረ ይናገራል። ቢተኮስ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። ታዲያ ከፊት ነበር ወይስ ከኋላ? ክርክሩ ጦፈ። መሃል ላይ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና ፕሬስተን ይህን የጻፈው የት ሆኖ እንደሆነ ጠየቀኝ። እስር ቤት ሆኖ ነው። ሞት ሊያስፈርድበት የሚችል ክስ ይጠብቀው ነበር። ለእኔ ያቺ አንድ ጥያቄ በቀመር ከተጻፈ አሥር ድርሰት ትበልጣለች።

ጥያቄዬ ይኸው። ቀመሩን አዘግይቶ በሰነድ መጀመር ያዋጣል? ወይስ ፈተና ያለባቸውን ልጆች ጊዜ እየበላሁባቸው ነው?

ይህን ከለጠፍኩ ወዲህ 24 መልስ ገብቷል። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ማንበብ እንዳይከብደው ከዚህ በታች በተራ ልተርክላችሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም። መድረኩ እንዳለ ነውና ማየት የፈለገ ይመልከተው።

ቁጥር 1 የጻፉልኝ ቨርጂኒያ የሚኖሩ እናት ናቸው። በጣም በትሕትና ነው የጀመሩት። ልጃቸው የኤፒ አሜሪካ ታሪክ ትወስዳለች፤ ኤፒ ማለት ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጥ በኮሌጅ ደረጃ ያለ ትምህርትና ፈተና ነው። ማታ ማታ ዲ.ቢ.ኪው ስትል ይሰማሉ፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። ብጠይቃት ደግሞ ትሰለቻለች ብለው ይፈራሉ። እስኪ እንደ እህት አስረዱኝ ነው ያሉት።

ቁጥር 2 ፈተናውን ከጥቂት ዓመት በፊት የወሰደ ወጣት ነው፤ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ዲ.ቢ.ኪው በሰነድ ላይ የተመሠረተ ጥያቄ ማለት ነው። ሰባት ሰነድ ይሰጣል፤ ደብዳቤ፣ ንግግር፣ ካርቱን፣ ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል። ከሰነዶቹ ተነስቶ ለአንድ ጥያቄ መልስ የሚሆን ድርሰት መጻፍ ነው። ጊዜው 60 ደቂቃ ሲሆን 15ቱ ለንባብ የሚመከር ነው። ከጠቅላላው ውጤት 25 በመቶ ይይዛል። ከዚህ ሌላ ሰነድ የሌለው ረጅም ድርሰት፣ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎችና 55 ምርጫ አለ። ያብራራበት መንገድ ደስ ይላል። አንድ ቦታ ላይ ግን ሙሉ ነጥብ ለማግኘት ስድስት ሰነድ መጠቀም ግድ ነው ብሎ ጻፈ።

ቁጥር 3 ይህን አረመ። ጻፊው ዳላስ የሚያስተምር ባልደረባ ነው። ስድስት የነበረው ድሮ ነው፤ ከ2023 መጸው ወዲህ ክርክሩን በአራት ሰነድ መደገፍ ይበቃል። የሰነዱን ጻፊ፣ ዓላማ፣ ተደራሲ ወይም ዐውድ ማብራራትም ከሦስት ሰነድ ወደ ሁለት ወርዷል። ጠቅላላው ያው ሰባት ነጥብ ነው። ሰው ያገለገለ መለማመጃ መጽሐፍ ሲገዛ የድሮው ደንብ ስለሚያጋጥመው የታተመበትን ዓመት ይመልከት ሲልም መከረ። ቁጥር 2 ወዲያው አመስግኖ ጽሑፉን አስተካከለ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር።

ቁጥር 4 ላይ ነው የጋለው። የጻፈችው እሷም ኤፒ የምታስተምር መምህርት ናት፤ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ትምህርቱ ከ1491 ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚሸፍን ዘጠኝ ምዕራፍ ነው። ፈተናው ግንቦት አካባቢ ነው። አንተ ሁለት ሳምንት በአንድ ምሽት ላይ ከተኛህ ልጆቹ የ1980ዎቹ ፕሬዚዳንት ሬገን ጋ መቼ ሊደርሱ ነው የሚል ነው ሐሳቧ። ከዚህ የከበደውን ደግሞ አስከተለች። ቀመርን የሚንቀው ቀመር የማያስፈልገው ሰው ነው አለች። ቤቱ መጽሐፍ የሞላለት ልጅ ያለ ቀመርም ይጽፋል። ወላጆቹ ሁለት ሥራ የሚሠሩበት ልጅ ግን ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ያ ነገር ቀመሩ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ እንቅልፍ ነስቶኛል። ልክ የሆነ ነገር አለው። ቀመሩን ጣሉት አላልኩም፤ አዘግዩት ነው ያልኩት። ግን ለማን እንደሚዘገይ ማሰብ ነበረብኝ።

ቁጥር 5 የእሷን ሐሳብ በአንድ መስመር ደገፈና ወጣ።

ቁጥር 6 አትላንታ የሚኖር ወንድም ነው። በ17 ዓመቱ ከደሴ እንደመጣ ይናገራል። አገር ቤት ታሪክ ማለት ለእሱ ምርጫ ጥያቄ ነበር፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ዓመተ ምሕረትና ስም ከያዝክ አለቀ። እዚህ ስለ ተሐድሶ ዘመን፣ ማለትም ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ስላሉት ዓመታት፣ የመጀመሪያውን ድርሰት ሲጽፍ የሚያውቀውን ሁሉ ዘረገፈው። 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ማሻሻያ በየዓመታቸው፣ 1865፣ 1868፣ 1870። አንድም ስህተት አልነበረውም። ወረቀቱ ሲመለስለት ግን ግርጌው ላይ በቀይ፣ አንተ ምን ትላለህ የሚል ጥያቄ ብቻ ተጽፎበታል። ተናደደ። እኔ ማን ነኝና ነው የምለው ብሎ አሰበ። ታሪክ ላይ አስተያየት መስጠት ድፍረት ይመስለው ነበር። መምህሩ አስጠርቶ በቃል አስለፈለፈው፤ ነፃ የወጡት ሰዎች ያገኙት መብት በወረቀት ነበር ወይስ በተግባር? እሱም መሬት ካልተሰጣቸው ምን ዋጋ አለው ብሎ መለሰ። መምህሩ እሱን ጻፈው አለው። ቲሲስ ምን እንደሆነ የገባው ያን ዕለት ነው።

ከአገር ቤት ለመጡ ልጆች ችግሩ እዚህ ጋ ነው እላለሁ። ዕውቀቱ አላቸው። መናገር እንደተፈቀደላቸው ግን የነገራቸው የለም።

ቁጥር 7 ለወንድማችን ምስጋና ብቻ ነው።

ቁጥር 8 የጻፉት በዕድሜ የገፉ ጋሼ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ሰነድ መመርመር ሰምና ወርቅ መፍታት ነው አሉ። ቃሉ ሰሙ፣ የጻፊው ሐሳብ ወርቁ ነው። ስለዚህ የእኛ ልጆች ይህን ጥበብ ከሌላው በፊት ያውቁታል ማለት ነው። ብዙ ሰው ወደደላቸው።

ቁጥር 9 ግን አልወደደችውም። ማክበሩን አክብራቸዋለች፤ ሐሳቡን ግን አፈረጠችው። ባለ ቅኔው ወርቁን የሚሸሽገው ሆን ብሎ ነው፤ ሰሚውም እንዲፈልግ ተጋብዟል። ፕሬስተን ግን ወርቅ አልሸሸገም። ሕይወቱን ለማትረፍ ነው የጻፈው። ልጅን የተደበቀ ትርጉም ፈልግ ካልነው ከሰነዱ የሌለውን ፈጥሮ ይመጣል ትላለች። ብዙ ድርሰት አርሜ ያየሁት በሽታ ይኸው ነው ብላ ዘጋችው።

ቁጥር 10 የእኔ መልስ ነው። ሁለታችሁም ጋ እውነት አለ አልኩና አንድ ሰነድ አመጣሁ። ኦገስት 22 ቀን 1862 ሊንከን ለጋዜጠኛው ሆራስ ግሪሊ ደብዳቤ ጻፈ። ዋና ዓላማዬ ኅብረቱን፣ ማለትም የግዛቶቹን አንድነት፣ ማዳን ነው፤ አንድም ባሪያ ነፃ ሳላወጣ ማዳን ብችል አደርገዋለሁ፤ ሁሉንም ነፃ አውጥቼ ማዳን ብችልም አደርገዋለሁ ዓይነት ነገር ይላል። ልጆቼ ይህን ሲያነቡ ሊንከን ለባሮቹ ደንታ አልነበረውም ብለው ይዘጉታል። ደብዳቤው ላይ በግልጽ ተጽፎ የለም ወይ? ያኔ ሰሌዳው ላይ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ጁላይ 22 ቀን 1862። ደብዳቤው ከመጻፉ አንድ ወር ቀደም ብሎ ሊንከን የነፃነት አዋጁን ረቂቅ ለካቢኔው አንብቧል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሲዋርድ የጦር ሜዳ ድል እስኪገኝ ቆይ ብሎ መክሮታል። አንቲታም ላይ ሴፕቴምበር 17 ከተዋጉ በኋላ፣ በ22ኛው ቀን የመጀመሪያው አዋጅ ወጣ። እንግዲህ ደብዳቤውን ሲጽፍ ረቂቁ እጁ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ልጆቹ ተመልሰው ያነቡታል፤ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርም ያኔ ነው የሚያዩት። ሰው ሁሉ በየትም ቦታ ነፃ ቢሆን ምኞቴ ነው ይላል። ይህ የተደበቀ ወርቅ አይደለም፤ ዓይናቸው ስር ያለ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲያዩት ያደረጋቸው ቀኑ ነው።

ቁጥር 11 ጋሼ ተመልሰው መጡ። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት መልስ ይህ ነው። ልጅቷ ልክ ናት ብለው ጀመሩ። ግን አንድ ነገር ረሳችሁ አሉ። ቅኔ ቤት ውስጥም ቅኔው በየትኛው በዓል፣ በማን ፊት፣ በምን ምክንያት እንደተዘረፈ ካላወቅህ ወርቁ አይገኝም። መምህራቸው ዕለቱን ሳይነግሩ ቅኔ ነግረው አያውቁም ነበር። ቁጥር 9 ይህን አንብባ የልብ ምልክት ብቻ አስቀመጠች።

ቁጥር 12 ላይ አንድ አባት ገቡ። ልጆቻችን ስለ ቦስተንና ስለ ሊንከን ሲጨቃጨቁ የራሳቸውን ታሪክ ሳያውቁ ሊያድጉ ነው፤ እናንተ መምህራን ዓድዋን አስተምሩ አሉ። ቁጥር 13 መለሰላቸው፤ አመላለሱ ግን አላስደሰተኝም። አሜሪካ እየኖሩ የአሜሪካን ታሪክ መናቅ ኋላ ቀርነት ነው አላቸው። አባትን እንዲህ አይናገሩም። ጥያቄያቸው የፍቅር ጥያቄ ነው።

የተሻለ መልስ የሰጣቸው ቁጥር 14 ነው። የኤፒ ፈተና የሰነዱን ድርሰት ከ1754 እስከ 1980 ባለው ዘመን ላይ ነው የሚያወጣው። እዚያ ውስጥ ደግሞ 1935 አለ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ አሜሪካ የገለልተኝነት ሕግ አወጣች፤ ለተዋጊዎች መሣሪያ መሸጥ ተከለከለ። ነዳጅ ግን አልተከለከለም። የመሣሪያ ፋብሪካ ያላት ጣሊያን ናት፤ ኢትዮጵያ የላትም። በዚያው ዓመት ጥቁሩ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ ተነስቶ ኢትዮጵያ ገባ፤ የአየር ኃይሏንም መራ። ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ጆኤል ሮጀርስን ዘጋቢ አድርጎ ላከ። ጻፊው እንደሚለው ስለ ገለልተኝነት ጥያቄ ቢወጣ የእኛ ልጅ ይህን ከሰነዶቹ ውጭ የሆነ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ይችላል። ለእሱ የተመደበ አንድ ነጥብ አለ። አባትዬው ደስ አላቸው። እኔም ይህን ክፍል ውስጥ አንስቼው ስለማላውቅ ለጥር ይዤዋለሁ።

15 እና 16 ስለ አውሮፕላኖቹ ዓይነት ተከራከሩ፤ አልፈዋለሁ።

ቁጥር 17 ቻትጂፒቲን አነሳ። ይህ ሁሉ ድካም ለምን፤ ልጁ ሰነዶቹን ለጥፎ በአንድ ደቂቃ ድርሰቱን ያገኛል ባይ ነው። ቁጥር 18 ከ2025 ጀምሮ ፈተናው በኮምፒውተር መሆኑንና እዚያ ውስጥ ቻትጂፒቲ እንደማይከፈት አስታወሰው። የእኔን ልምድ ልጨምር። የቤት ሥራ ድርሰት ትቻለሁ። ክፍል ውስጥ፣ በእርሳስ፣ ሰነዱ ጠርዝ ላይ ነው የሚጽፉት። የማርመውም ያንን ጠርዝ ነው። ልጁ የት ጋ እንደቆመ፣ የት ጋ እንደተጠራጠረ እዚያ ይታያል።

ቁጥር 19 ከሁሉም አስከፊው ነበር። እንግሊዝኛቸው ሳይጠራ ኤፒ የሚገቡ የስደተኛ ልጆች ክፍሉን ወደኋላ ይጎትታሉ፤ መጀመሪያ ቋንቋ ይማሩ የሚል ነው። ስም አልጠራም። ግን ብዙዎቻችን ራሳችንን አየንበት።

ቁጥር 20 የመለሰችው ሚኒሶታ የምታስተምር እህት ናት። ተናዳለች፤ ቁጣዋ ግን አላሳታትም። አምና ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበራት። ሰነዱን ሲያነብ ጠርዙ ላይ በአማርኛ አራት ቃል እንዲጽፍ አደረገችው። ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ለምን። መልሱንም በአማርኛ። ከዚያ ነው ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገረው። ሰዋስዉ ተንገዳግዷል። ሐሳቡ ግን እዚህ አገር ከተወለዱት ብዙዎቹ የቀደመ ነበር። ፈተናው ላይ የሚያርመው ሰው የሚፈልገው ክርክሩን ነው፤ ሰዋስው ስሕተት ሐሳቡን እስካልደበቀ ድረስ ነጥብ አይቀነስም። አያይዛም የታሪክ አስተማመር ተመራማሪውን የሳም ዋይንበርግን የ1991 ጥናት ጠቀሰች። ስለ ሌክሲንግተን ውጊያ የታሪክ ምሁራንና ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሰነድ እንዲያነቡ ተደረገ። ምሁራኑ መጀመሪያ የሄዱት ከግርጌ ወዳለው የጻፊው ስም ነው። ተማሪዎቹ ከላይ ጀምረው ወደ ታች አነበቡ። ስለዚህ እሷ ክፍል ውስጥ ማንም ልጅ የጻፊውን መስመር ሳያነብ ሰነዱን አይጀምርም። ይህ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው ስትል ለቁጥር 4 መልሳለች።

ቁጥር 21 አስጠኚ ነኝ ብሎ ስልኩን ለጠፈ። አወያዩ አነሳው።

ቁጥር 22 ቁጥር 4 ራሷ ናት። ለስለስ ብላ ነው የተመለሰችው። ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ለምን የሚለውም እኮ ቀመር ነው አለች። ደካማው ልጅ የሚይዘው ነገር ይኑር ያልኩት ይህን ዓይነቱን ከሆነ አልጣላም አለች። ሁለት ሳምንቱን ግን አሁንም አልተቀበለችውም፤ አራት ቀን ይበቃል ባይ ናት። እኔም ወደ አምስት ቀን ላወርደው አስቤያለሁ።

ቁጥር 23 ቨርጂኒያ ያሉት እናት ናቸው። ቅዳሜ ማታ የሪቪርን ሥዕል ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከልጃቸው ጋር አዩት። እናትየው እንግሊዝኛው ይከብዳቸዋል፤ ሥዕል ግን ማንበብ አይከብዳቸውም። ልጅቷ ያላየችውን አዩ። ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ግድያው ደግሞ የሌሊት ነበር። ልጅቷ ፈጥና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኳን አላነሳችም ብለው በደስታ ነው የጻፉት። ቀጥሎ ምን እንይ ሲሉ ጠየቁኝ፤ ከባርነት ያመለጠው ተናጋሪ ፍሬድሪክ ዳግላስ ጁላይ 5 ቀን 1852 ሮቸስተር ላይ ያደረገውን ንግግር ላክሁላቸው። ቀኑ ለምን ጁላይ 4 እንዳልሆነ ከልጅቷ ጋር ይነጋገሩበት።

ቁጥር 24 ትናንት ማታ ገባ። አጭር ናት። ሥዕሉን መጀመሪያ የሣለው ሪቪር አይደለም፣ ሄንሪ ፔልሃም ነው ትላለች። ሪቪር ከእሱ ቀድቶ ቀድሞ አሳተመ። ፔልሃምም ማርች 29 ቀን 1770 ለሪቪር የምሬት ደብዳቤ ጻፈ፤ መንገድ ላይ አስቁመህ ብትዘርፈኝ ይህን ያህል ነበር ዓይነት ነገር።

ለልጆቹ ያደልኩትን ወረቀት አወጣሁ። ከሥዕሉ ስር ሣዩ ፖል ሪቪር ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ያንኑ ወረቀት ከፔልሃም ደብዳቤ ጋር አድላቸዋለሁ፤ ያቺን መስመር ራሳቸው ያርሟት።